የቲሞራ ክሌሪክ ለባሕሯ አምላክ ሳንቲም ቢጥል ከዳ ይባላል?

ጥያቄው የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን የሚና ጨዋታ ከምትመራ አንዲት ዲኤም (የጨዋታ መሪ) የመጣ ነው። ለጨዋታው አዲስ ለሆነ፦ ፎርጎተን ሬልምስ ከጨዋታው ዓለማት አንዱ ነው፤ ካምፔይን የሚቀጥል ረጅም ታሪክ፣ ክሌሪክ ኃይሉን ከአምላክ የሚያገኝ ካህን፣ ሮግ ሌባ ቢጤ ገጸ ባሕርይ፣ ስፔል ደግሞ አስማት ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «ፎርጎተን ሬልምስ ላይ ካምፔይን እያጫወትኩ ነው። አንዱ ተጫዋቼ የዕድል አምላክ የቲሞራ ክሌሪክ ነው። ከባልደርስ ጌት በመርከብ ሲነሱ መርከበኞቹ ለባሕሯ አምላክ ለአምበርሊ ሳንቲም ሲጥሉ አይቶ እሱም ጣለ። ሌሎቹ ‹አምላክህን ከዳህ፣ ስፔልህ ይወሰድብህ› ብለው ያዙት። ልቅጣው ወይስ ልተወው? ሌላዋ ተጫዋቼ ደግሞ ‹የእኔ ሮግ ማንንም አታመልክም› ትላለች፤ ብትሞት ነፍሷ ወዴት ትሄዳለች? ደግሞስ ከአማልክቱ ሁሉ ኃይለኛው ማነው?»

ክሌሪኩን አትቅጪው። እንዲያውም ከተጫዋቾችሽ መካከል ፌሩን (የፎርጎተን ሬልምስ ዋናው ምድር) ውስጥ ተወልዶ እንዳደገ ሰው ያሰበው እሱ ነው። ሌሎቹ ያሰቡት እንደ እኛ ነው። ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ አንድ አምላክ ብቻ በሚመለክበት ቤት ላደገ ሰው ለሌላ አምላክ መባ ማቅረብ የክህደት ሁሉ ራስ ነው። ፌሩን ውስጥ ግን «ከእኔ በቀር አምላክ የለም» የሚል አምላክ ማግኘት ይከብዳል። ሲሪክ የሚባል አንድ እብድ አለ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ባልደርስ ጌት ውስጥ ጨርቅ የምትነግድ አንዲት ሴት እናስብ። ጎህ ሲቀድ ሱቋን ስትከፍት የንጋትና የአዲስ ጅምር አምላክ ለሆነው ለላታንደር ሁለት ቃል ትላለች። ውል ስትዋዋል የንግድ አምላክ የዋኪንን ስም ትጠራለች። ልጇ ሲታመምባት ወደ ኢልማተር ካህናት ትሮጣለች፤ ኢልማተር የሰውን ሥቃይ በራሱ ላይ የሚሸከም አምላክ ነው፣ ምልክቱም በቀይ ገመድ የታሰሩ ሁለት እጆች ናቸው። አባቷ ሲሞት የሚያስቀብረው የሙታን ዳኛ የሆነው የኬለምቮር ካህን ነው። ጨርቋ መርከብ ላይ ሲጫን ደግሞ «የውሃ ንግሥት ቤት» ወደሚባለው መቅደስ ወርዳ ለአምበርሊ ስለቷን ታስገባለች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ሃይማኖት የቀየረች አይመስላትም፤ ጎረቤቶቿም አይመስላቸውም።

አምበርሊን ደግሞ የሚወዳት ሰው የለም። ቂመኛ ናት፣ ስስታም ናት፣ ባሕሩ የእሷ ስለሆነ ብቻ ነው የሚለማመጧት። የፌሩን አምልኮ ግማሹ እንዲህ ያለ ነው፤ ሰውየው የሚያመልከው እንዲባርኩት ሳይሆን እንዲተዉት ነው። የበሻባም ነገር እንደዚሁ ነው። የክፉ ዕድል አምላክ ስለሆነች በንግግርና በሥነ ሥርዓት ላይ ስሟን ሳይጠሩ ማለፍ ይፈራል፤ የተረሳች ከመሰላት ነገሩን ታበላሸዋለች ይባላል። ከሁሉ የከፋውን ማየት ከፈለግሽ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣውን የአይስዊንድ ዴል የጀብዱ መጽሐፍ ተመልከቺ። የውርጭ አምላክ የሆነችው አውሪል ምድሪቱን ማለቂያ በሌለው ብርድና ጨለማ ስትይዛት፣ የአሥሩ ከተሞች ነዋሪዎች ጨረቃ በማትታይበት ሌሊት መሥዋዕት ያቀርባሉ። አንዳንዱ ከተማ ምግቡን ይሰጣል፣ አንዳንዱ እሳቱን አጥፍቶ በብርድ ያድራል፣ ሦስቱ ደግሞ ዕጣ የወጣበትን ሰው አውጥተው ለብርዱ ይሰጣሉ። ከእነዚያ ሰዎች ስንቱ የአውሪል ምእመን ነው? ከጥቂቶቹ በቀር ማንም።

እንግዲህ «የምታመልከው ማንን ነው?» የሚለው ጥያቄ ሁለት ጥያቄ ነው። አንዱ «በዛሬው ጉዳይህ ማንን ትለምናለህ?» የሚል ሲሆን መልሱ በየሰዓቱ ይለያያል። ሁለተኛው «ልብህ የማን ነው?» የሚል ነው። ብዙ ሰው ከሁሉም ይልቅ የሚቀርበው አንድ አምላክ አለው። ጠባቂ አምላኩ እንበለው፤ ሲሞት ነፍሱን የሚረከበው እሱ ነው። ነገሩ ከእድር ጋር ይመሳሰላል፤ የአንዱ እድር አባል መሆንሽ ከሌላ ሰፈር ለቅሶ አያስቀርሽም፣ የሚቀብርሽ ግን የራስሽ እድር ነው።

ክሌሪክ ከተራው ሰው ይለያል። ኃይሉ የሚመጣው ከአንድ አምላክ ስለሆነ ግዴታውም ይጠብቃል። ተጫዋቾችሽ «ስፔሉ ይወሰድበት» ያሉትም ከሰማይ አምጥተው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው የጨዋታው ሦስተኛ እትም የአምላኩን ሥርዓት በከባዱ የጣሰ ክሌሪክ እስኪካስ ድረስ ስፔሉን እንደሚያጣ ተጽፏል። በአምስተኛው እትም ግን እንዲህ ያለ አስገዳጅ ሕግ የለም፤ ለዲኤሟ ፍርድ የተተወ ነው። ፍርድ ከሆነ ደግሞ የሚጠየቀው ክሌሪኩ ምን ጣለ ሳይሆን ቲሞራ ምን ትወዳለች የሚለው ነው። ቲሞራ ለሚደፍር ታደላለች። ቀናተኛ አይደለችም። መርከብ ላይ ሳንቲም መጣል ቁማር ቢጤ ነው፤ ብታየው የምትስቅ ይመስለኛል። የሚያስቀይማት ሌላ ነው፤ በር በተገኘ ቁጥር ቀድሞ የሚገባ ሰው የሚፈልግ፣ ዳይስ መወርወር እየፈራ ዘወትር አስተማማኙን መንገድ የሚመርጥ ክሌሪክ። ሁለት ሴሽን (የጨዋታ ቀን) ሙሉ እንደዚያ ከሆነብሽ ያኔ በሕልሙ ማስጠንቀቂያ ላኪለት።

ይህ ማለት ገደብ የለም ማለት አይደለም። ባላጋራ የሆኑ አማልክት አሉ። ባልደርስ ጌት 3 የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ የተጫወተ ሰው ሻዶውሃርትን ያውቃታል። እሷ የጨለማና የኪሳራ አምላክ የሻር ክሌሪክ ናት። የሻር እህትና የዘላለም ጠላቷ የጨረቃ አምላክ ሴሉኔ ስለሆነች፣ የሻር ካህን ለሴሉኔ አንዲት ጸሎት ቢያደርስ የቀልድ ጉዳይ አይሆንም። በቲሞራም በኩል እንዲሁ አለ። ቲሞራና በሻባ ሁለቱም ቀድሞ ታይኪ ከምትባል አንዲት የዕድል አምላክ ተከፍለው የወጡ እህትማማቾች ናቸው፤ አይዋደዱም። ክሌሪክሽ የበሻባን ጥቁር ቀንድ በደረቱ አንጠልጥሎ ቢሄድ ኖሮ እኔም ከከሳሾቹ ጋር እቆም ነበር።

ግን አምበርሊ ያቺን ሳንቲም ምን ታደርግላታለች? ባሕር ሙሉ ሀብት እያላት? የፌሩን አማልክት ነገር ለጨዋታ የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው። ሳንቲሟን አይደለም የፈለገችው፤ የጣላትን ሰው ነው።

እስከ ዴል አቆጣጠር (የፌሩን ዘመን አቆጣጠር) 1358 ድረስ አብዛኞቹ አማልክት ስለ ሰው ብዙም አይጨነቁም ነበር፤ እርስ በርስ ሽኩቻቸው ይበልጥባቸው ነበር። በዚያ ዓመት የጭቆና አምላክ ቤንና የሙታን አምላክ ሚርኩል ከአማልክቱ ሁሉ በላይ ከሆነው ከአኦ የዕጣ ፈንታን ጽላቶች ሰረቁ። አኦ ሌባውን ከመለየት ይልቅ ሁሉንም ሥጋ አልብሶ ወደ ምድር ጣላቸው። የቀረው ዘበኛው ሄልም ብቻ ነበር፤ ወደ ሰማይ የሚያወጣውን ደረጃ እንዲጠብቅ ታዘዘ። የአስማት አምላክ ሚስትራ በግድ ልውጣ ብትል ሄልም ገደላት፤ እሷ ስትሞት አስማት ሁሉ ተቃወሰ። ቤንና የግዴታ አምላክ ቶርም ታንትራስ በምትባል ከተማ ላይ ተገዳደሉ። የግድያ አምላክ የሆነው ብሃል በአንድ ሌባ እጅ ድልድይ ላይ ሞተ፤ ሌባው ሲሪክ ይባላል። ሚርኩልን ደግሞ ሚድናይት የተባለች አስማተኛ ዋተርዲፕ ከተማ ላይ ገደለችው። ነገሩ ሲያበቃ አኦ ሁለት ሰዎችን አማልክት አደረገ። ሚድናይት አዲሷ ሚስትራ ሆነች፤ ሲሪክ የሞቱትን የሦስቱን ሥልጣን ጠቅልሎ ያዘ።

እግረ መንገዴን፣ ከዚህ ታሪክ ጀርባ የአሳታሚው ጽሕፈት ቤት ጉዳይ አለ። ሁለተኛው እትም እ.ኤ.አ. በ1989 ሲወጣ አሳሲን (ነፍሰ ገዳይ) የሚባለው ክላስ፣ ማለትም የገጸ ባሕርይ ሙያ፣ ከመመሪያው ተሰረዘ። ታዲያ በታሪኩም ውስጥ በዚያ ቀውስ ወቅት የፌሩን አሳሲኖች በሙሉ በአንድ ጊዜ ረገፉ። አማልክት ሲሞቱ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሕግ መጽሐፉ ላይ ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 አራተኛው እትም ሲመጣም ሚስትራ ዳግም ሞታለች፣ ከአምስተኛው ጋር ተመልሳለች። አንቺ ዲኤም ስለሆንሽ ይህን ብታውቂ ይጠቅምሻል፤ በአሳታሚው እጅ የሞተ አምላክ በአንቺ ጠረጴዛ ላይ በሕይወት ሊኖር ይችላል፣ ማንም አይጠይቅሽም።

አኦ ከመሄዱ በፊት አንድ አዋጅ አወጀ፦ ከዛሬ ጀምሮ የአንድ አምላክ ኃይል በተከታዮቹ ብዛትና በእምነታቸው ጥንካሬ ይለካል። ተከታይ ያጣ አምላክ ይመነምናል፣ ብሎም ይሞታል። በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ግንኙነቱ ተገለበጠ። ገበሬው ለእህሉ ቻንቲያን ይፈልጋል፤ ቻንቲያም ገበሬውን ትፈልጋለች። አንድ መንደር በወረርሽኝ ቢያልቅ ሰማይ ላይ የሚጎዳ አለ። የአንድ መንደር ሰዎች «ከእንግዲህ ለዚህ አምላክ አንሰግድም» ብለው ቢያድሙ አምላኩ ጆሮውን ያቆማል። ካምፔይንሽ ውስጥ መጠቀም ያለብሽ ይህንን ነው።

ግንኙነቱ በሌላ በኩል ሲቋረጥ ምን እንደሚመስልም ምሳሌ አለ። ዋኪን ከ1358ቱ ቀውስ በኋላ ጠፋች፤ ግራዝት የሚባል የአጋንንት ልዑል እስረኛ ሆና ነበር። ካህናቷ ከአሥር ዓመት በላይ ጸልየው መልስ አላገኙም። ስፔል የለም፣ ምልክት የለም። ሊራ የተባለችው የደስታ አምላክ ቦታውን በአደራ ያዘችላት። ከካህናቱ ገሚሱ ሄደ፣ ገሚሱ ባዶ መቅደስ ሲጠርግ ቆየ። እኔ ካጫወትኳቸው ገጸ ባሕርያት ሁሉ የምወደው በእነዚያ ዓመታት የኖረ አንድ የዋኪን ካህን ነው፤ አንዲት ስፔል የለውም፣ ግን ሚዛኑን አያጭበረብርም።

አሁን ሲሪክ። ኃይል ማለት የሚያምን ሰው ብዛት ከሆነ፣ ለምን ሰውን ማሳመን ያስፈልጋል፣ ማስገደድ እየተቻለ? ያነበበው ሁሉ ሲሪክን ብቻ እንዲያመልክ የሚያደርግ ሲሪኒሻድ የተባለ መጽሐፍ አስጻፈ። ሥራው ተሳካ። ችግሩ መጀመሪያ ካነበቡት አንዱ ራሱ ሲሪክ መሆኑ ነው፤ የራሱን ውሸት አምኖ አበደ። የዕውቀት አምላክ ኦግማ ደግሞ የሲሪክን እውነተኛ ሕይወት የሚተርክ ሌላ መጽሐፍ አስጽፎ አሰራጨበት። በዚያ ሁከት ሲሪክ የሙታንን ዙፋን አጣ፤ ዙፋኑን የያዘውም ኬለምቮር ሆነ። ኬለምቮር ሰው ሳለ የሚድናይት ፍቅረኛ የነበረ፣ ሲሪክ በሰይፍ የገደለው ወታደር ነው።

በዚህ በኩል ወደ ሮጓ እንደርሳለን። በፌሩን የሞተ ሰው ነፍሱ መጀመሪያ ፊዩግ ወደሚባል ግራጫ ሜዳ ትሄዳለች። እዚያ የአማልክት መልእክተኞች እየመጡ የየራሳቸውን ይወስዳሉ። ጠያቂ ያጣ ነፍስ ወደ ሙታን ዳኛ ከተማ ይገባል። ጠባቂውን አምላክ የከዳ ሐሰተኛ ይባልና እንደ ጥፋቱ ይቀጣል። ማንንም አላመልክም ብሎ የኖረው ደግሞ ሚርኩል ባሠራው ግንብ ውስጥ እንደ ጡብ ተለስኖ፣ ቀስ በቀስ እየሟሟ ማንነቱ ይጠፋል። ሚርኩል ግንቡን ሲሠራ ሒሳቡ ግልጽ ነበር፤ ፈሪ ሰው ቶሎ አምላክ ይመርጣል።

ኬለምቮር ዙፋኑን ሲይዝ ይህን ጭካኔ ሊያስቀር ሞከረ። ደግ የነበረውን በደግነቱ፣ ጀግና የነበረውን በጀግንነቱ ይፈርድለት ጀመር። ፍትሑ ያማረ ነበር፤ ውጤቱ ግን አማልክቱን አስደነገጠ። ጀግኖች ከሞት በኋላ መልካም ቦታ እንደሚጠብቃቸው ስላወቁ ያለ ፍርሃት ይሞቱ ጀመር፣ ደግ ሰዎችም ከሌሎቹ መቅደሶች መራቅ አመጡ። አማልክቱ ከሰሱት። ኬለምቮር በመጨረሻ የሰው ልቡን ጥሎ ቀዝቃዛ ዳኛ ሆነ፤ የግንቡም ቅጣት ቀጠለ። እኔ ይህን የፎርጎተን ሬልምስ ምርጡ ታሪክ አድርጌ አየዋለሁ። ብዙ ተጫዋቾች ደግሞ አጥብቀው ይጠሉታል፤ ልክ ናቸው፣ መጠላት ያለበት ነገር ነው። ራሱ አሳታሚው እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው የሶርድ ኮስት መመሪያ ላይ ስለ ግንቡ ጽፎ፣ በ2020 እርማት ያንን አውጥቶታል። ስለዚህ ግንቡ በካምፔይንሽ መኖር አለመኖሩ የአንቺ ውሳኔ ነው። ብቻ ሮጓ ከሞተች በኋላ አትወስኚ። አሁኑኑ፣ ገጸ ባሕርይዋ በሕይወት ሳለች፣ ለተጫዋችሽ ንገሪያት።

ከዚያ በፊት ግን «አላመልክም» ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ጠይቂያት። በፌሩን «አማልክት የሉም» ማለት አይቻልም፤ በ1358 ጎዳና ላይ ሲሄዱ የታዩ ናቸው፣ ቅድመ አያቶቿ ሳያዩዋቸው አልቀሩም። ስለዚህ የእሷ እምቢታ ከእምነት ማጣት የመጣ ሳይሆን የቅሬታ ወይም የኩራት እምቢታ ነው። ማን በደላት? የትኛው አምላክ ስትጠራው ዝም አላት? ወይስ ነገሩ እንዲያው ስንፍና ነው? ስንፍና ከሆነ ምንም አይደለም፤ እጇ ላይ መቆለፊያ ሲበዛባት የሌቦችን አምላክ ማስክን ጠርታ ታውቅ ይሆናል፣ ለኬለምቮርም ያ በቂ ጅምር ነው። ቅሬታ ከሆነ ግን የካምፔይንሽ ሁለተኛ ክፍል በእጅሽ ገባ ማለት ነው፤ ነፍሷን ለመውሰድ የሚሽቀዳደሙ ሦስት ካህናት ብታመጪባትስ? እያንዳንዱ ተከታይ ዋጋ አለው ብለናል።

ኃይለኛው ማነው ለሚለው ብዙ አልቆይም። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ አንድ ተጨማሪ መጽሐፍ ለአማልክት ሂት ፖይንት (ሲያልቅ የሚሞቱበት የሕይወት ነጥብ) ሰጥቷቸው ነበር። አዘጋጁ በመቅድሙ እንደገለጸው ሐሳቡ ገጸ ባሕርያቸውን ከልክ በላይ ያሳበጡ ሰዎችን ማሳፈር ነበር፤ የሆነው ግን ሰዎች ቁጥሩን እንደ አደን ዝርዝር ማንበባቸው ነው። በፌሩን ቤን፣ ብሃልና ሚርኩል ራሳቸው ቀድሞ ሰዎች ነበሩ፤ ጀርጋል የሚባል የሰለቸው ጥንታዊ አምላክ ሥልጣኑን ሲለቅላቸው በጨዋታ ተከፋፍለው ወሰዱት። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ደረጃ ማውጣት አያስኬድም። «በዚህ ከተማ ብዙ ሰው የሚፈራው ማንን ነው?» ብለሽ ጠይቂ፤ ባልደርስ ጌት ወደብ ላይ መልሱ አምበርሊ ነው።

ይህ ሁሉ ለፌሩን እንጂ ለሌላ ዓለም አይሠራም። በኤበሮን አማልክቱ መኖራቸውን ማንም ማረጋገጥ አይችልም፤ ስፔል የሚገኘው ከእምነቱ ስለሆነ ሁለት ተጻራሪ ነገር የሚያምኑ ክሌሪኮች ሁለቱም ይሠራላቸዋል። በዳርክ ሰን ጭራሽ አምላክ የለም። ተጫዋቾችሽ በዚያ ከተጫወቱ ግራ መጋባታቸው አይገርምም።

አምልኮው በጨዋታው እንዲታይ ከፈለግሽ ንግግር አታብዢ፣ ቀን መቁጠሪያውን ተጠቀሚ። የሃርፕቶስ አቆጣጠር ለእኛ ሰው ቶሎ ይገባዋል፦ አሥራ ሁለት ወር፣ እያንዳንዱ 30 ቀን፣ ተጨማሪ 5 ቀን፣ በየአራት ዓመቱ 6። የእኛ ጳጉሜ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ስትሰበሰብ የእነሱ አምስት ቀናት ግን በወራቱ መሐል ተበትነው እያንዳንዳቸው በዓል ሆነዋል። ከመኸር በዓሉ አንስቶ ሙታን እስከሚታሰቡበት የጨረቃ በዓል ድረስ፣ በእነዚህ ቀናት ጎዳና ላይ የትኛው መቅደስ እንደሚያበላ፣ የትኛው እንደሚለምን አሳዪ። ክሌሪክሽ ምን ማድረግ እንዳለበት ከዚያ ራሱ ያውቃል።

አንድ ያልጠየቅሽኝ ነገር ልጨምር። እዚህ አገርም ሆነ ውጭ አገር ከሐበሻ ልጆች ጋር ስንጫወት፣ በተለይ በጾም ወራት፣ ለሌላ አምላክ በአፉ ጸሎት ማድረስ የሚከብደው ሰው አይጠፋም፤ ለጨዋታም ቢሆን። አትጫኚው። «ክሌሪኬ ለቲሞራ ጸለየ» ብሎ በሦስተኛ ሰው ቢተርክ ይበቃል፤ ስፔሉም ሙሉ ይሠራል። ይህን በመጀመሪያው ሴሽን ለሁሉም አንድ ላይ ንገሪያቸው፤ አንዱን ነጥለሽ ስትነግሪው የተገመገመ ይመስለዋል።